ነገም ለሚመጣ ሰው የተሠራ ሽሮ

ዓለም በጣም የሚፈራውን የምግብ ቤት መመዘኛ ያመጣው የጎማ ፋብሪካ ነው። የፈረንሳዩ ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪናዎች የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ ማደል ሲጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ጎማው ካለቀ ደግሞ አዲስ ይገዛል። ኮከቡ ኋላ የመጣ ነው። የኮከቦቹን ትርጉም ያነበበ ሰው ግን ዛሬም የጎማ ነጋዴ ቋንቋ መሆኑን አያጣውም። ሁለት ኮከብ ማለት «ከመንገድ ወጣ ብሎ መሄድ ያዋጣል» ነው፤ ሦስት ኮከብ ደግሞ «ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ ይነሣለታል»። የምግቡ ልክ የሚነገረው በኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

እኛ ጋ ሚሽለን የለም፤ ቲክቶክ አለ። ነገሩ ግን ያው ነው። ልጁ ከሰሚት ተነሥቶ ሳር ቤት ይሄዳል፣ ካሜራውን ክትፎው ላይ ያስጠጋል፣ አንዴ ይጎርሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ይሄ ሌላ ነው!» ይላል፣ ዋጋውን ይነግረናል፣ በቃ። ዳግመኛ እዚያ ቤት አይታይም። አንዴ በተቀመሰ ምግብ መፍረድ አንዴ የተከፈተ ፕሮግራም አይቶ «ይሠራል» ብሎ እንደ መፈረም ነው። በእኔ ሙያ እንደዚህ ያደረገ ሰው ሌሊት ስልክ ይደወልለታል።

እኔ ልጽፍ ያሰብኩት ማንም ጉዞ ስለማይነሣለት ቤት ነው። ላምበረት ነው ያለው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ስሙን አልጠራውም፤ ባለቤቲቱ ሂስ ጻፍልኝ አላሉኝም፣ ስለ ጥብሳቸው የምለው ነገር ደግሞ አያስደስታቸውም። ደግሞም እንደዚህ ዓይነት ቤት በየሰፈራችሁ አንድ አለ። ከሌለ ነው ችግሩ።

ላምበረትን ለማያውቅ፦ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲኬድ ታክሲው ብዙም ሳይቆይ ረዳቱ «ላምበረት መናኸሪያ!» ብሎ የሚጮህበት ቦታ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶብስ የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁለት ዓይነት ምግብ ቤት አለው። አንደኛው ፊቱን ወደ መናኸሪያው በር ያዞረ ነው። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍት ነው፣ ፍርፍሩ ቀድሞ ተፈርፍሮ ተቀምጧል፣ ሒሳብ ቅድሚያ ይከፈላል። ሻንጣው እግሩ ሥር ያለ፣ ጆሮው ወደ አውቶብሱ የቆመ ሰው ስለ ሽሮ ቅጥነት ክርክር አይገጥምም። የእነዚያ ቤቶች ምግብ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለማወቅ ባለቤቶቹን ክፉ ሰዎች ማድረግ አያስፈልግም። ደንበኛው ዛሬ ማታ ደሴ ነው። ተናዶ ቢወጣ እንኳ መናደዱ የሚቆየው እስከ ጣርማ በር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጀርባውን ለመናኸሪያው ሰጥቶ ወደ ሰፈሩ ገባ ያለው ነው። ተማሪ እያለን ጌም ቲዮሪ ላይ ሁለት ሰዎች አንዴ ብቻ ሲጫወቱ ማታለል እንደሚያዋጣ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደሚገናኙ ካወቁ ግን ሁለቱም እንደሚጠነቀቁ ተምረናል። ያኔ ቀመሩን ለፈተና ሸመደድኩት። ሁለቱ ዓይነት ምግብ ቤቶች መካከል ያለው ርቀት የሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። ሽሮው ግን አንድ አይደለም።

እስቲ ስለ ሽሮው እናውራ። ሽሮ ማጭበርበር በጣም ቀላል የሆነ ምግብ ነው። ጠዋት ወፍራም አድርጎ አንድ ትልቅ ድስት መጣድ፣ ከዚያ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጭልፋ ቀንሶ በፈላ ውሃ ማቅጠን ይቻላል። በዓይን አይታወቅም። በአፍ ግን ይታወቃል፤ ዱቄቱና ውሃው ተለያይተው ምላስ ላይ ይመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። የእኔ ሰፈር ቤት ሽሮውን በሁለት ዙር ነው የሚጥደው፤ አንዱን አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሌላውን ስድስት ሰዓት አልፎ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ይህን የማውቀው ወጥ ቤቱ መጋረጃ ብቻ ስላለው ነው። ሽሮው እስኪንተከተክ ሳይቸኩሉ ያማስሉታል። ሲመጣ ጠርዙ ላይ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ወጣ ብሏል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከፊት አይጮህም፣ በሶብላው ከጎረሱ በኋላ ነው የሚደርሰው። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ በሽንኩርት ተሞልቶ ጎን ላይ ይቀመጣል። አስደናቂ አይደለም። ካሜራ ፊት ዓይን የሚያስጨፍን ነገር የለውም። ግን ባለፈው ሳምንት የበላሁት፣ ባለፈው ወር የበላሁት፣ ትናንት የበላሁት አንድ ነው። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ሆኖ መገኘት ከአንድ ቀን ድንቅ ክትፎ የበለጠ ችሎታ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

እንጀራው ላይ ፍርዴ ለስለስ ያለ አይደለም። ቤት ውስጥ አይጋገርም፤ እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ጠዋት ከአቅራቢ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ጥሩ ነው፤ ዓይኑ ሙሉ፣ ጀርባው ልስልስ፣ እርሾው ልክ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ጣት ይናገራል፤ ሲቆረስ ይሰበራል፣ ወጥ ሲነካው ይላላል። አስተናጋጇን ስጠይቃት «የዛሬው እኮ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፣ ወንድሜ» ብላ ነገረችኝ። ውሸት ስላልነገረችኝ አመሰግናታለሁ፤ እንጀራውን ግን አላመሰግንም። የትናንት እንጀራ እዚህ ቤት ፍርፍር ይሆናል እንጂ በዛሬ እንጀራ መሃል ታጥፎ አይመጣም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው አስከፊውን ቤት ያልቀመሰ ሰው ነው።

ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አለ። አንድ የውጭ አገር ምግብ ቤት «ሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ በተጨማሪ በዓመት አንዴ ለ55 ቀን በተከታታይ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ሙሉ ሜኑ አቅርብ» ቢባል የፈጠራ ሥራ ነው ብሎ ዜና ያሰራዋል። እኛ ሰፈር ግን ረቡዕ ነው፣ በቃ። ሳህኑ ላይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ፎሶሊያ ይመጣል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ጥግ ላይ ስልጆ ይጨመራል። ክኩ ሳይፈርስ በስሎ፣ እርዱ ሳይመርር ነው የሚመጣው። ጎመኑ ግን ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይበስላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተሻሻለም፣ የሚሻሻልም አይመስለኝም። ፎሶሊያው ከካሮቱ ጋር ተጣልቷል።

ጥብሱን አትዘዙ። ሥጋው ጠንካራ ነው፣ ዘይቱ ይበዛል፣ ሮዝመሪው ሥጋውን ለመሸፈን የተጨመረ ይመስላል። ባለቤቲቱም የሚያውቁት መሰለኝ፤ አስተናጋጇ የምግቡን ዝርዝር በአንድ ትንፋሽ ስትጠራ «ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ ቦዘና፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በስጎ፣ እንቁላል ስልስ» ብላ ጥብሱ ጋ ስትደርስ ድምጿ ዝቅ ይላል። በነገራችን ላይ ይህ በቃል የሚነገር ሜኑ ራሱን የቻለ ሂስ ነው። ቀድሞ የተጠራው ድስቱ ውስጥ ያለው ነው፣ መጨረሻ የተጠራው ለጠያቂ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ያለበት ሜኑ ግን ማንም የማያነበው ጌጥ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው በርገር እዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ብራስልስ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ማታ የሚኖርበት ሰፈር፣ ሴን ዢል፣ ምግብ ቤት ወሰደኝ። የተጨናነቀ ክፍል፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ምግብ። ልጁ ሰሌዳውን ሳያይ አዘዘ፣ ቢራው ሳይጠየቅ መጣለት። እኔ ካርቦናድ የሚሉትን በላሁ፤ የበሬ ሥጋ በብዙ ሽንኩርትና በጥቁር ቢራ ረጅም ሰዓት የሚበስል፣ ሰናፍጭ የተቀባ ዳቦ ላዩ ላይ ተደርጎ እስኪሟሟ የሚተው ወጥ ነው። ወጥ ነው የምለው ሌላ ስም ስላላገኘሁለት ነው። ሽንኩርቱ እንደ እኛ ቁሌት ጠፍቶ ውፍረት ብቻ ሆኗል፣ ሰናፍጩ ደግሞ በስልጆ በኩል የማውቀው ዘመዴ ነው። ጎኑ ላይ ሁለቴ የተጠበሰ ድንች ነበር፤ መጀመሪያ በለሰለሰ ሙቀት፣ ቀጥሎ በኃይለኛ። ማታ ማታ ላምበረት አስፋልት ዳር በብረት ድስት ከሚጠበሰው ድንች የሚለየው ሁለተኛው ጥብስና የሚጥሚጣው አለመኖር ነው። ለሚጥሚጣው አዘንኩላቸው።

ልጁን «ይሄ ቤት እዚህ ከተማ ካሉት ጥሩው ነው?» ስለው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ቅርብ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ስንፍና መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ሚሽለን ሊለካው የማይችለውን ነገር ነው የነገረኝ። ከተማው ውስጥ የተሻለ ካርቦናድ እንዳለ ያውቃል፤ እሱ የሚፈልገው ግን ማክሰኞ ማታ ደክሞት ሲመጣ ሳያስብ የሚገባበትን ቤት ነው። የሚያስመሰግነው ደግሞ ቤቱ ይህን ማወቁና አለመስነፉ ነው። ቅርብ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ደንበኛን ማስቀየም ቀላል ነው፤ የትም አይሄድማ።

ቤልጅየሞች ይህን ዓይነት የዘወትር ነገር ዝም ብለው አይተዉትም። ይጽፉለታል፣ ይከራከሩበታል፣ ይመዘግቡታል። የቢራ ባህላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ውሳኔው የተላለፈው የት መሰላችሁ? አዲስ አበባ። የዩኔስኮ ኮሚቴ ያን ዓመት ስብሰባውን ያደረገው እዚሁ ነበር፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ስብሰባ ነው። የእኛን ዝርዝር ስታዩት አብዛኛው ትልቅ ቀን ነው፦ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ጥምቀት። ይገባቸዋል። ግን ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥምቀት አይውልም። እነሱ የሰፈር መሸታ ቤታቸውን ማክሰኞ ይዘው እኛ ከተማ መጥተው አስመዘገቡ፤ እኛ ከስብሰባው አዳራሽ ጀርባ ምሳችንን ሽሮ በልተን ወደ ሥራ ተመለስን፣ ስለ ሽሮው ማንም ምንም አልጻፈም።

የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው ይባላል። ያኔ በገንዘብ መብላት እንግዳ ነገር ስለነበረ መኳንንቱ እንዳያፍሩ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ገብተው በልተው እንደከፈሉ ይነገራል። ታሪኩ እውነት ይሁንም አይሁን፣ ያ ዕፍረት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የእኔ ሰፈር ቤት ጠረጴዛ ስለሚጎድለው ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ። የእሱ ምግብ ቀድሞ ከመጣ «እንብላ» ይላችኋል። እናንተም «ይባርክ» ትላላችሁ። ማንም ከማንም ሳህን አይጎርስም፣ ግን ካልተባለ ቅር ይላል። ቦሌ ጠረጴዛዎቹ የተራራቁ ቤቶች ውስጥ ይህን ሰምቼው አላውቅም፤ እዚያ ሰው ስልኩን ነው የሚያጎርሰው።

ወደ ዋጋው ልምጣ፣ ምክንያቱም የሰፈር ቤት የሚፈተነው እዚህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ ዘይቱም፣ ከሰሉም፣ ኪራዩም ዝም አላሉም። ምግብ ቤት ወጪው ሲጨምርበት የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፤ ወይ ዋጋውን ያነሣል፣ ወይ ሳህኑን ያሳንሳል፣ ወይ ሽሮውን ያቀጥናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለጊዜው አይታዩም፤ በተለይ አንዴ ለሚመጣ ሰው። ባለቤቲቱ የመረጡት የመጀመሪያውን ነው። ገንዘብ መቀበያው አጠገብ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ላይ ቁጥሩ ተቆርጦ በተለጠፈ ወረቀት ተሸፍኗል፣ በዚያ ላይ ሌላ ወረቀት፣ በዚያም ላይ ሌላ። የተጋቢኖው ቁጥር አሁን ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንደ ቁልፍ ያበጠ ነው። እኛ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች እያንዳንዱን ለውጥ ከነታሪኩ እናስቀምጣለን፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ቀየረ እያልን። ይህ ወረቀት ከብዙዎቻችን መዝገብ ይበልጥ ሐቀኛ ነው። ሰው አኮረፈ፣ ጥቂቱ ቀረ፣ ብዙው ተመለሰ። ጭልፋው ግን ያው ጭልፋ ነው።

ከወረቀቱ ሥር ሁለት ደብተር አለ። አንዱ የኮንትራት ነው፤ በወር አስቀድመው ከፍለው ምሳና እራት የሚበሉ ልጆች ስም የሚጻፍበት፣ አብዛኞቹ ከደሴ መንገድ የመጡ የቀን ሠራተኞችና ኮተቤ የሚማሩ ተማሪዎች። ሌላው የዱቤ ነው። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ቀነሰ፣ የዱቤው ደብተር ግን አልቀጠነም። አንድ ቤት ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ ማወቅ ማን ነገ እንደሚመለስ ያምናል የሚለውን ማወቅ ነው። እኔን እስከ ሁለተኛው ዓመት አላመኑኝም ነበር፤ ልክ ነበሩ፣ ኪራይ ቤት ነበር የምኖረው።

የቀረውን ጉድለት በፍጥነት ልበል። ቴሌቪዥኑ እጅግ ይጮኻል፣ ማንም አያየውም። ውሃ በሮቶ ካልተሞላ የእጅ መታጠቢያው በጆግ ነው፣ ሳሙናው የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ነው። ጭማቂ አለ ይላሉ፤ የለም። ቡናው ግን ከሰዓት በኋላ ጥግ ላይ ከተቀመጠችው ልጅ ዘንድ ነው የሚጠጣው፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሽሮ ቤት መጻፌን የሚያስቅ የሚያደርገው ሰው ይኖራል። የመጻፍ ሐሳቡ የመጣልኝ ግን በ2017 ዓ.ም. ካሳንቺስ ሲፈርስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሄዷል። የሚፈርሰው መፍረስ ነበረበት፣ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ብዙ ተጽፎበታል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። ግን ካሳንቺስ የተማርኩትም፣ መጀመሪያ ሥራ የጀመርኩትም ስለሆነ ጓደኞቼን «እዚያ ጥጉ ላይ የነበረው ቤት ዱለቱ እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ «አሪፍ ነበር» ብቻ ነው። አሪፍ እንዴት? ቅቤው ይበዛ ነበር? ጨጓራው በደንብ ይታጠብ ነበር? ሚጥሚጣው ከየት ነበር? የሚያስታውስ የለም፣ የተጻፈም የለም። ጓደኛሞቹ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ቦሌ ቡልቡላ ነው። ምግብ አብሳይዋ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ደንበኞቹ በአምስት አቅጣጫ ከተበተኑ ሴትየዋ ሌላ ቦታ ብትከፍትም መጀመሪያ ነገ የሚመለስ ሰው ማግኘት አለባት። እስከዚያ ሽሮው የመናኸሪያ ፊት ለፊት ሽሮ ነው።

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በቀበና የመጣው ኮሪደር መገናኛ ደርሷል። መገናኛና ላምበረት ደግሞ ጎረቤት ናቸው። ባለፈው ጊዜ ሒሳብ ስከፍል ባለቤቲቱን ስለ ቤቱ ጠይቄያቸው ነበር።

«ኪራይ ነው፣ ልጄ። ባለቤቱ ከዓመት ወዲያ አልነገረኝም።»

«ቢነሣሳ ምን ያስባሉ?»

«ደብተሩን ይዤ እሄዳለኋ» ብለው ሳቁ። የትኛውን ደብተር እንደሆነ አልነገሩኝም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ረቡዕ ወይ ዓርብ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት፣ ከሁለተኛው ዙር ድስት። በያይነቱ በሉ፣ ጎመኑን እለፉት፣ ሽሮ ጨምሩ ብትሏት አስተናጋጇ አትጠይቃችሁም፣ ትጨምራለች። ሰባት ተኩል ሲሆን ድስቱ ያልቃል። በውሃ አያበዙትም፤ በመጋረጃው በኩል አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አለቀ» ይላሉ።